ሐኪም ሳይሆኑ ለሐኪሞች መንገድ ያሳዩ ሰው፤ የሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሕይወት ታሪክ

የስመ ጥር ሰዎች ነገር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱን ጦር መርተው ድል ያደረጉ፣ አገር ያቀኑ ወይም አዲስ መሣሪያ የፈለሰፉ ናቸው። ነገር ግን በእርሳስና በወረቀት ብቻ እየሠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ቁጥር የሌለው ሕይወት እንዲተርፍ ምክንያት የሆኑ ሰዎችም አሉ። ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ናቸው። ሐኪም ለመሆን ተመኝተው አልሆነላቸውም፤ የሒሳብ ዲግሪም አልነበራቸውም። ሆኖም ትምባሆ ማጨስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በቁጥር ካስረዱት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የኒህን ሰው ታሪክ ባጭሩ እንተርካለን። የአገራችን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1897 ጁላይ 8 ቀን ለንደን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሰር ሊዮናርድ ሂል የሰውን ገላ አሠራር በመመርመር የታወቁ የሳይንስ ሊቅ ነበሩ። ልጁም በእንደዚህ ያለ ቤት ስላደጉ ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት ማሰባቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ትምህርታቸውን ሳይጀምሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። እሳቸውም እንደ ጊዜው ወጣቶች ሁሉ ለዘመቻ ተመዝግበው፣ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል አውሮፕላን ነጂ ሆኑና ወደ ኤጂያን ባሕር ተላኩ።

በዚያም ጠላት ያላገኛቸውን ሰው በሽታ አገኛቸው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለት ቲቢ፣ ያዛቸው። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሞቹም የወጣቱ ዕድሜ ያጠረ መስሎአቸው ወደ አገራቸው መለሷቸው። መንግሥትም ብዙ የሚቆዩ ስላልመሰለው የሙሉ አካል ጉዳተኛ ጡረታ ወሰነላቸው። እሳቸው ግን ይህን ጡረታ ከ70 ዓመት በላይ ተቀብለዋል። ያም ሆነ ይህ ሁለት ዓመት ያህል በሆስፒታል፣ ሁለት ዓመት ያህልም በማገገም አልጋ ላይ ቆዩ። ሐኪም የመሆን ተስፋቸውም በዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሂል ሁለተኛውን መረጡ። የአባታቸው ወዳጅ የሆኑ ሜጀር ግሪንዉድ የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበሩ፤ ሜጀር ስማቸው እንጂ የጦር ማዕርጋቸው አይደለም። በኒህ ሰው ምክር ሂል አልጋቸው ላይ ሆነው በተልእኮ ትምህርት የኤኮኖሚክስን ጥናት ጀመሩ፤ በ1922ም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ተቀበሉ። ከዚያም የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥቂት ገንዘብ ስለ ሰጣቸው ወደ ገጠር ወረዱና፣ ሕዝብ ከገጠር ወደ ከተማ መፍለሱ በሞት ቁጥር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መረመሩ። ኋላም በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን ሕመም ሲያጠኑ ቆይተው፣ በለንደን የጤና ጥበቃና የሐሩር አገሮች ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ።

የሂል ችሎታ ከባዱን ነገር ማቅለል ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪም ቁጥርን ይሸሽ ነበር። አንድ መድኃኒት ጠቃሚ ነው የሚባለውም አንድ ታላቅ ሐኪም ለጥቂት ሕመምተኞች ሰጥቶ ስለ ተሻላቸው ብቻ ነበር። ሂል ግን፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ባይወስድስ ኖሮ ሊሻለው ይችል አልነበረምን ብለው ጠየቁ። ይህን ለማወቅ መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ የሚነጻጸሩትም ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። ይህን አሳብ ግልጽ በሆነ ቋንቋ አብራርተው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በተከታታይ አወጡ። ጽሑፎቹም በ1937 በመጽሐፍ ታትመው ለአያሌ ዓመታት የሐኪሞች መማሪያ ሆኑ።

የዚህ አሳብ ትልቁ ፈተና የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲን የተባለ መድኃኒት ተገኝቶ ቲቢን ይፈውሳል ተባለ። እንግሊዝ ግን በጦርነቱ ደህይታ ስለ ነበር ለሕመምተኛው ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ለመግዛት አልቻለችም። ሂልም መድኃኒቱ ለሁሉ የማይዳረስ ከሆነ፣ ማን ይውሰድ የሚለውን ሐኪሙ በፈቃዱ ከሚመርጥ ይልቅ ዕጣ ይለየው የሚል አሳብ አቀረቡ። 107 ሕመምተኞች ተመረጡ። ዕጣው ቀደም ብሎ በታሸገ ፖስታ ተዘጋጅቶ ነበርና ሐኪሙ ፖስታውን ሳይከፍት የማን ዕጣ ምን እንደሆነ አያውቅም። በዚህ ዓይነት 55ቱ መድኃኒቱን ከዕረፍት ጋር፣ 52ቱ ደግሞ በጊዜው የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። የሳንባውን የራጅ ፎቶግራፍ የሚመረምሩት ሊቃውንትም ፎቶግራፉ የየትኛው ወገን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4፣ ካልወሰዱት ግን 14 ሰዎች ሞተዋል። ውጤቱ በ1948 ታትሞ ወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ሥርዓት ከዚህ ሥራ ብዙ ወርሷል። ሂልን ከሕክምና ትምህርት ያስቀራቸው በሽታ በራሳቸው የአሠራር ዘዴ ድል ሲመታ ማየታቸው የሚያስገርም ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌላ አሳሳቢ ነገር ተነሥቶ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በ1922 በሳንባ ካንሰር ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 612 ሰዎች ነበሩ። በ1947 ግን ቁጥሩ 9,287 ደረሰ። በ25 ዓመት ውስጥ 15 እጥፍ ያህል መጨመሩ ነው። ከፊሉ የራጅ ምርመራ ስለ ተሻሻለ ነው የሚሉ ነበሩ። ሌሎችም የአውቶሞቢል ጢስ፣ የፋብሪካ ጢስ ወይም መንገድ የሚነጠፍበት ሬንጅ ነው አሉ። ትምባሆን የጠረጠሩ ጥቂቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከ10 ወንዶች 8 ያህሉ ያጨሱ ነበርና፣ ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ማን ይጠረጥረዋል?

የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሂልን ጠየቃቸው። እሳቸውም ወጣቱን ሐኪም ሪቻርድ ዶልን ለሥራው መረጡ። ዶል ራሳቸው የሚያጨሱ ሲሆኑ ሥራውን ሲጀምሩ የጠረጠሩት የመንገዱን ሬንጅ ነበር። ምርመራው በ20 የለንደን ሆስፒታሎች ተካሄደ። 709 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ስለ ኑሮአቸውና ስለ ልማዳቸው አንድ በአንድ ተጠየቁ። ለያንዳንዱም በጾታና በዕድሜ የሚመስለው፣ ሕመሙ ግን ሌላ የሆነ ሰው ተፈልጎ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቀ። በ1950 ሴፕቴምበር ወር የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል ትምባሆ ያላጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ በሌላው ወገን ካሉት 649 ወንዶች ግን 27 ናቸው። ብዙ የሚያጨስም ጥቂት ከሚያጨስ ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ።

ሕመምተኛው ካንሰር እንደያዘው ሲሰማ ትምባሆውን አጋንኖ ተናግሮ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ሊነሣ ይችላል። ሂልና ዶል ይህንንም አስቀድመው አስበውበታል። ሲጠየቁ የሳንባ ካንሰር አለባቸው ተብለው ኋላ ግን ሌላ በሽታ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች ነበሩ። የኒህ ሰዎች የማጨስ ልማድ ሲመረመር ካንሰር ከሌለባቸው ሰዎች ልማድ ጋር የሚመሳሰል ሆነ። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የሕመምተኛው አነጋገር ሳይሆን በሽታው ራሱ እንደሆነ ታወቀ። ዶልም ውጤቱ እየጠራ ሲሄድ ማጨሳቸውን ተዉ። በአሜሪካም በዚያው ዓመት ዊንደርና ግርሃም የተባሉ ሐኪሞች ተመሳሳይ ውጤት አትመው ነበር።

የትምባሆ ነጋዴዎች ግን በዚህ ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ከ1946 ጀምሮ የካሜል ሲጋራ ኩባንያ በአሜሪካ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ነጭ ካባ የለበሰ ሐኪም ሥዕል እያወጣ፣ ሐኪሞች ከሌላው ሲጋራ ሁሉ አብልጠው የሚያጨሱት ካሜልን ነው እያለ ያስታውቅ ነበር። ሕዝቡ ሐኪሙን እንደሚያምን ያውቃሉና እምነቱን ከሲጋራው ፓኮ ጋር አያይዘው ሸጡት።

ሂልም ሳያስቡት ለዚህ ማስታወቂያ መልስ የሚሆን ሥራ ጀመሩ። እነሆ ነጋዴው ሐኪሙ የሚያጨሰው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሂል የሚያጨሰው ሐኪም ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። በ1951 ኦክቶበር መጨረሻ ለእንግሊዝ ሐኪሞች ሁሉ፣ ይኸውም ወደ 60 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች፣ አጭር ደብዳቤ ላኩ። ጥያቄዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ያጨሳሉ ወይ፣ ትተው እንደሆነ መቼ ተዉ፣ በቀን ምን ያህል የሚሉ ናቸው። ሐኪም የተመረጠበትም ምክንያት ስሙ በመዝገብ ስለሚገኝና ሲሞት የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ስለማያስቸግር ነው። ከ40 ሺህ የሚበልጡት መለሱ። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ብዙም አልጠበቁም። በ1954 ባወጡት የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ 35 ዓመት ከሞላቸው ወንዶች ሐኪሞች መካከል የሞቱት 789 ሲሆኑ፣ ከነዚህ 36ቱን የገደላቸው የሳንባ ካንሰር መሆኑን ገለጹ። ከ36ቱ መካከል የማያጨስ ሰው አንድም አልነበረም። የሞቱም መጠን የሚያጨሱት ሲጋራ በበዛ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይጨምር ነበር። ይህ ጥናት የሰዎቹን አኗኗር ከመታመማቸው በፊት የመዘገበ ስለሆነ፣ ታመው ከተጠየቁ በኋላ ተሳስተው ነው ለማለት አያስችልም።

እውነት በተገለጠ ጊዜ ሁሉ ወዲያው ተቀባይነት ያገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ቀጥሎ የሆነውን ይመልከት። በ1953 ዲሴምበር ወር የአሜሪካ ታላላቅ የትምባሆ ኩባንያ መሪዎች በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ከአንድ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ጋር መከሩ። በ1954 ጃንዋሪ 4 ቀንም ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ የጋራ መግለጫ አወጡ። በዚህም የሕዝብን ጤና ከንግዳቸው እንደሚያስቀድሙ፣ ነገር ግን ጉዳዩ ገና እንዳልተረጋገጠና ምርምር እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ማጣሪያ ያለው ሲጋራም ጤና ይጠብቃል እየተባለ ገበያውን ሞላው። ከነዚህ አንዱ ኬንት የተባለው ሲጋራ ሲሆን፣ እስከ 1956 ድረስ ማጣሪያው የተሠራበት ነገር ራሱ ለሳንባ እጅግ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ነበረበት።

በእንግሊዝም የጤና ሚኒስትሩ ኢየን ማክላውድ በ1954 ፌብሩዋሪ ወር ለጋዜጠኞች የትምባሆንና የካንሰርን ግንኙነት ሲያስረዱ፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሲጋራ በሲጋራ እየለኮሱ ያጨሱ ነበር። የትምባሆ ቀረጥም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ከፍ ያለ ገቢ ስለሚያስገባ ብዙ ባለሥልጣኖች ነገሩን ከመቁረጥ ይልቅ ማዘግየትን መረጡ።

የሊቃውንት ተቃውሞም አልቀረም። በስታቲስቲክስ ትምህርት በዘመኑ አቻ ያልነበራቸው ሮናልድ ፊሸር፣ ማጨስንና ካንሰርን አንድ ላይ የሚያመጣ በዘር የሚወረስ ጠባይ ሊኖር ይችላል ብለው ተከራከሩ። እሳቸውም የፒፓ አጫሽ ሲሆኑ ለትምባሆ አምራቾች ኮሚቴ በክፍያ አማካሪ ነበሩ። ሂል ግን ክርክሩን በስድብ አልመለሱም። ሥራቸውን ቀጠሉና በየጊዜው አዲስ ቁጥር ጨመሩበት። እውነትና ንጋት እያደር ይገለጣል እንደሚባለው፣ በ1957 የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ማጨስ የበሽታው ቀጥተኛ ምክንያት መሆኑን አስታወቀ። በ1962 የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ይህንኑ በሰፊ ዘገባ አጸኑ። በ1965 ኦገስት ወር የሲጋራ ማስታወቂያ ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከለከለ።

በዚያው በ1965 ሂል የሰር ማዕርግ ካገኙና ከማስተማር ከተሰናበቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በለንደን በሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር እስከ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል። ጥያቄአቸው፣ ሁለት ነገሮች አብረው ሲታዩ አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ለማለት ምን ምን መመርመር ይገባል የሚል ነበር። ዘጠኝ ነጥቦችንም ዘረዘሩ። ግንኙነቱ ምን ያህል ብርቱ ነው? በሌላ ቦታና በሌላ ሰው ሲመረመርም ይገኛል ወይ? ምክንያቱ ከውጤቱ ይቀድማል ወይ? መጠኑ ሲበዛ ጉዳቱም ይበዛል ወይ? ነገሩ ሲቀርስ ጉዳቱ ይቀንሳል ወይ? የቀሩትም ይህን የመሰሉ ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ ነጥቦች ማመዛዘኛ እንጂ የማይሻር ሕግ አለመሆናቸውን አስጠነቀቁ።

በንግግሩ መጨረሻ የተናገሩት ነገር ይልቁንም ለመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ነው። የሳይንስ ሥራ ሁሉ ጎዶሎ ነው፣ ነገም ሊሻሻል ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ዛሬ በእጃችን ያለውን ዕውቀት ችላ እንድንልና የሚገባውን ሥራ እንድናዘገይ አይፈቅድልንም የሚል ፍሬ ነገር ነበረው። ሰውን ከሚወደው ነገር ለመከልከል ብርቱ ማስረጃ እንደሚያስፈልግም አልሸሸጉም። የትምባሆው ማስረጃ ግን ያን ጊዜ እጅግ በርትቶ ነበር።

ነጋዴዎቹ የያዙት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ1969 ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን በተባለው ኩባንያ ውስጥ የተጻፈ አንድ የውስጥ ማስታወሻ፣ ኩባንያው የሚያመርተው ጥርጣሬ መሆኑን በግልጽ ያስረዳል። ማስታወሻው ኋላ ለሕዝብ ወጣ። በ2006ም የዋሽንግተን ፍርድ ቤት ታላላቆቹ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያዎች ስለ ማጨስ ጉዳት ሕዝቡን ለብዙ ዓመታት እንዳታለሉ ፈረደ። ሂልም ሆኑ ነጋዴዎቹ ገና ያልታወቀ ነገር አለ ብለዋል። ሂል ይህን ያሉት የሚታወቀውን ለማጥራት ነው፤ ነጋዴዎቹ ግን የታወቀውን ለመሸፈን ነው።

ሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በወጣትነታቸው ይሞታሉ የተባሉት ሰው፣ 93 ዓመት ኖረው በ1991 ኤፕሪል 18 ቀን ዐረፉ። የጀመሩት የሐኪሞች ጥናት ግን አብሮአቸው አልሞተም። ዶልና ተከታዮቻቸው 50 ዓመት ሙሉ ተከታትለውት በ2004 ባወጡት ውጤት፣ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድሞ እንደሚሞት ገለጹ። በ60 ዓመቱ የተወ 3፣ በ50 የተወ 6፣ በ40 የተወ 9 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። በ30 ዓመቱ የተወ ግን 10ሩን ዓመት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያድናል።

ሆኖም ጉዳዩ ገና አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በያመቱ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይገድላል። በአገራችንም እንደ እኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። የዚህ ዓይነት ሕግ መሠረቱ ከብዙ ዓመት በፊት በለንደን ሆስፒታሎች አልጋ አጠገብ በጥንቃቄ የተሞላው የጥያቄ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ከሂል ታሪክ ተማሪው የሚያገኘው ትምህርት፣ አንድ በር ሲዘጋ ሌላው በትጋት የሚከፈት መሆኑን ነው። የቢሮ ሠራተኛ የሆነው ወጣት ደግሞ በፊቱ የተከመረውን መዝገብና የቁጥር ሠንጠረዥ ሲሰለች ይህን ሰው ያስታውስ። በእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ አንድ ሰው አለ። በትክክል የተመዘገበ ቁጥር ሕይወት ያድናል፤ በቸልታ የተሞላ ወይም ለጥቅም የተጣመመ ቁጥር ግን ይገድላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሂል በዕድሜአቸው ሙሉ የሠሩት የተደበቀውን በሽታ ቆጥሮ ወደ ብርሃን ማውጣት ነበር።